ሲያዝሏት ሁለት ሰዓት፣ አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ወር ተኩል ሆኗታል። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች፤ ክብደቷ ጥሩ ነው፣ ከጡት ሌላ ምንም አትወስድም። የቸገረኝ የቀን እንቅልፏ ነው። ጠዋት 12፡30 ትነቃለች። አማቴ በ3 ሰዓት አጥበው፣ በቅባት አሽተው ማስተኛት ስለሚወዱ እስከዚያ እያጫወትን እናቆያታለን። 3፡30 ላይ አልጋ ላይ ሳስተኛት በ20 ደቂቃ ትነሣለች። አማቴ ሲያዝሏት ግን እስከ ሁለት ሰዓት ትተኛለች፤ ሊያወርዷት ሲሉ ወዲያው ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ሌሊቱን ትተኛ» ብለን እንቅልፍ እንከለክላታለን፤ እሷ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስትነጫነጭ ታመሻለች። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። ሥራ ስገባ ከአማቴ ጋር ነው የምትውለው፣ እሳቸው ደግሞ ወገባቸውን ያማቸዋል። ጎረቤት ጤና አዳም የተዘፈዘፈበት ውሃ ስጧት ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዋ ሰዓት ማስያዝ ይቻላል? ማዘላችንስ አበላሽቷት ይሆን?

የሦስት ወር ተኩል ሕፃን እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽ አልተበላሸችም። ችግሩ ከመታዘሏ ሳይሆን ከጠዋቱ ሰዓት ነው። ከ12፡30 እስከ 3፡30 ሦስት ሰዓት ሙሉ ነቅታ ትቆያለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ግን ደህና ሆኖ ነቅቶ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ጡት የምትጠባበትና ዳይፐር የምትቀየርበትም ጊዜ እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ከሁሉም የሚያጥረው የጠዋቱ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ሕፃን ድካሙ እየበዛ፣ እንቅልፉ ግን እየራቀው ይሄዳል፤ ቢተኛም ቶሎ ይባንናል።

ስለዚህ ሰዓት ማስያዝ ይቻላል፣ የግድግዳውን ሰዓት ግን አይደለም። የምትቆጥሩት ከነቃችበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። 12፡30 ከነቃች በ1፡35 ገደማ መጋረጃውን ዝጉ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ 1፡45 ላይ አስተኟት። ምልክቷንም እዩ፦ ፊቷን ከሰው ታዞራለች፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይፈዛል፣ ቅንድቧ አካባቢ ቀላ ይላል። ማዛጋቱ ቀጥሎ ይመጣል። ለቅሶ የመጣ እንደሆነ ግን ዘግይታችኋል።

የአማትሽ እጥበት በዚህ አይነካም። 1፡45 የተኛች ልጅ 2፡45 አካባቢ ትነቃለች፣ ትጠባለች፤ ከዚያ በ3 ሰዓት አርፋ፣ ደስ ብሏት ትታጠባለች። ከእጥበቱ በኋላ 4፡15 ገደማ ሁለተኛውን ትተኛለች። ከዚያ ወዲያ በነቃች በአንድ ሰዓት ተኩሉ እያስተኛችሁ ብትሄዱ፣ አጭሩም ረጅሙም ተደምሮ በቀን አራት ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ታገኛለች። የመጨረሻው በ10፡15 ገደማ ቢያልቅ የማታው እንቅልፏ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ነጭናጫነቷ የሚጀምረው በዚሁ ሰዓት መሆኑን ልብ በይ፤ ልጅቷ የማታ እንቅልፏን እየጠየቀች ነው።

አሁን ወደ አልጋው። የሕፃን አንድ ዙር እንቅልፍ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ነው። ዙሩ ሲያልቅ እንቅልፏ ይሳሳል። በአማትሽ ጀርባ ላይ ሙቀቱም ንቅናቄውም እንዳለ ስለሚቆይ መልሶ ይወስዳታል፤ አልጋ ላይ ግን ስትተኛ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ታገኘዋለች። እስከ አምስትና ስድስት ወር ድረስ የ30 እና የ40 ደቂቃ እንቅልፍ የተለመደ ነው፤ በዚህ አትጨነቂ። የ20 ደቂቃው ግን ከድካም ብዛት ወይም ካወራረዱ ነው የሚመጣው።

ታቅፋ ወይም ታዝላ ከተኛች ቶሎ አታውርዷት። ዓይኗ ከቆቡ ሥር ከተንቀሳቀሰ፣ ጡጫዋ ከተጨበጠ፣ እንቅልፏ ገና ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆዩና ክንዷን በቀስታ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀና ጣቶቿ ከተከፈቱ አውርዷት። ስታወርዷት ከደረታችሁ አታርቋት፣ አብራችኋት ዝቅ በሉ። መቀመጫዋ ይቅደም፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ራሷ መጨረሻ። ራሷ ከቀደመ የምትወድቅ ይመስላትና እጆቿን በርግጋ ትነቃለች። መዳፋችሁን ደረቷ ላይ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ በቀስታ አንሡ።

የምትተኛው ሁልጊዜ ተንጋልላ፣ ጠንካራ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ነው። ትራስ፣ ጋቢ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቧ አይኑር፤ በልብስ ይሞቃታል። ለመገልበጥ መሞከር ከጀመረች መጠቅለሉ ይቅር። ቡና የሚፈላ ከሆነ ከሰሉም ጭሱም ከምትተኛበት ክፍል ይራቅ።

ማዘሉን አትከልክሉ። በቀን አንዱ እንቅልፍ፣ በተለይ የ9 ሰዓቱ፣ ታዝላ ቢሆን ምንም አይጎዳም፤ የመጨረሻው እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ አልጋ ላይ እምቢ ይላል። ብቻ አፍንጫዋ ከልብስ ጋር እንዳይጣበቅ፣ አገጭዋ ደረቷ ላይ እንዳይወድቅ፣ ነጠላው ፊቷን እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ። አዛዪዋ ፊቷን ስለማታይ ሌላ ሰው እየመጣ ይመልከታት።

«ቀን ካልተኛች ሌሊት ትተኛለች» የሚለው ለትልቅ ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለእሷ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ የተከለከለችው እንቅልፍ ነው ማታ ለቅሶ ሆኖ የሚመጣው። መቀስቀስ ያለባችሁ አንዱ እንቅልፍ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ብቻ ነው፤ ያኔ የቀን ጡቷን ወደ ሌሊት ታዞረዋለች።

ጤና አዳሙ ይቅር። እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልጋትም። እንዲያስተኛት ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕም በፍጹም አይሰጥ።

ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ተጠቀሚባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋቱን አንዱን እንቅልፍ ብቻ አልጋ ላይ አድርጊ፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ሌላውን እንደለመደችው ተዉት። በየጊዜው አንድ ዓይነት ነገር አድርጊ፦ መጋረጃ፣ ንጹሕ ዳይፐር፣ አጭር እሹሩሩ፣ ከዚያ አልጋ። ጡቱን እንደነቃች እንጂ ልትተኛ ስትል አትስጫት፤ አንቺ ሥራ ስትሄጂ አማትሽ በጡት ሊያስተኟት አይችሉም። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ አማትሽ ያድርጉት፣ አንቺ ከቤት ውጪ፤ የጡትሽ ሽታ ቅርብ ከሆነ እሺ አትልም። ሁለተኛውንም እንቅልፍ በዚያው ሳምንት ጨምሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ ቀን ሞክሩት፣ የታለበ ወተትም ያለማምዷት። በምትለዪባት በእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል አስቢ፤ ለዘጠኝ ሰዓት 270 ይሆናል፣ ትንሽ ትርፍ ጨምሪበት። ወተቱ ከማቀዝቀዣ ውጪ እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የሚሞቀው ዕቃው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነው፣ እሳት ላይ አይጣድም።

የማታው ለቅሶ እንቅልፏ ከተስተካከለ በአሥር ቀን ውስጥ ካልቀነሰ ሐኪም ይያት። ስትተኛ ዘወትር የምታንኮራፋ፣ ትንፋሿ የሚቋረጥ፣ ለጡት ስትቀሰቀስ አልነቃ የምትል፣ በ24 ሰዓት ከስድስት ያነሰ እርጥብ ዳይፐር ያላት ወይም ሙቀቷ 38 ዲግሪ የደረሰ ከሆነ ግን አሥር ቀን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ውሰጃት።