ቲነሩን አስቀምጪው፤ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የተረጨ ቀለም እንዴት ይለቃል?

አንዲት እህት የቪትዟን ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን የጎን ቆርቆሮ) ነጭ አስቀብታ ወሰደች። ቀለሙ ቆንጆ ነው። ቤት ደርሳ ፀሐይ ላይ ስታየው ግን ከፊት መስታወቱ ስር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ የስፖኪዮው እግርና የፊት መብራቱ ጠርዝ ነጩ ቀለም በንኖባቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ተመልሳ ስትጠይቅ «በቲነር ጥረጊው፣ ይለቃል» አሏት። ይኸው ሦስት ቀኑ ነው። «ልጥረገው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ እንዳትነኪው። ቲነር ቀለሙን ሊያስለቅቅልሽ ይችላል፤ ግን ፕላስቲኩንም አብሮ ሊበላው ይችላል። መኪናሽ ላይ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የተፈታ ክፍል ካለ ገልብጪና ጀርባውን እዪ፤ ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾበታል። ፒፒ (PP) የሚል ከሆነ ተመስገን በይ። የፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ) ታችና ከመስታወቱ ስር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ፒፒ ቀለም እንደልብ አይዝም፤ ለዚህ ነው እኛ ፓራውልት ስንቀባ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ ስር ቀለም) የምንረጨው። እንዲሁ የበነነበት ቀለም ስር ስላልሰደደ ይለቃል። ኤቢኤስ (ABS) የሚል ከሆነ ግን ቲነር ያቀልጠዋል። ፊቱ እንደ ማስቲካ ይለሰልስና የጣትሽ አሻራ ይቀርበታል። ስፖኪዮ አካባቢ ይሄ ብዙ ያጋጥማል።

የፊት መብራቱ ደግሞ ፖሊካርቦኔት የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ እሱን ለብቻው ያዢው። ሥራ ስጀምር የደንበኛ መብራት ላይ የበነነ ቀለም በቲነር ጠርጌ ነበር። ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። መብራቱ ሲደርቅ ግን ጉም ለበሰ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ ሞልቶታል። ሌላ መብራት ገዝተን ተካን፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ቲነር ይዞ ወደ መብራት የሚሄድ ልጅ ሳይ እጁን እይዛለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሚ፣ ፕላስቲኩ ይቀዝቅዝ። በፈሳሽ ሳሙና ደህና አድርገሽ እጠቢና አድርቂ። ከዚያ በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ከሩቅ የበነነ ቀለም አየር ላይ እያለ ይደርቅና እንደ አሸዋ ነው የሚያርፈው፤ ስትነኪው ይሻክራል፣ በጥፍርም ይነሳል። እርጥብ ሆኖ ያረፈው ግን ለስላሳ ነው፣ ተጣብቋል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ በየቀኑ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነገ ዛሬ አትበይ።

ለስላሳ ክፍል ላይ ከሁሉም የምወደው ክሌይ ባር ነው፣ እንደ ሊጥ ያለ የመኪና ማጽጃ፤ የመኪና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቂ። በሳሙና ውሃ አርጥበሽ ሳትጫኚ ታመላልሺዋለሽ። መጀመሪያ ይሻክርሻል፣ ይጮሃል፤ ቀለሙ ሲያልቅ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። መሬት ከወደቀ ጣዪው፣ አሸዋ ይዞ ይጭራል። ለመብራቱም ለስፖኪዮውም እሱ ይበቃል። መብራቱ ላይ ከቀረ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽቶ ፖሊሽ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን አብሮ ስለሚነሳ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። መልሶ ሽፋን ለሚቀባ ባለሙያ ተዪው።

ሸካራው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ክሌይ አይሆንም፤ ቦይ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እዚያ የሚሠራው ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ላምባ ነው። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪ። ከዚያ ብሩሹን ትንሽ ነክረሽ እየዞርሽ ፈትጊ፣ በጨርቅ አንሺ፣ ድገሚ። ላምባው ቀለሙን አያቀልጠውም፣ ያላላዋል፤ የሚያነሳው ብሩሹ ነው። ስለዚህ ትዕግስት ይጠይቃል፤ መዳፍ የምታክል ቦታ ደቂቃዎች ትወስዳለች። የበር ጎማ ስለሚያሳብጥ እዚያ አታስነኪው፣ አዲሱንም ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ። ጓንት አድርጊ፣ ጨርቁን ከእሳት አርቂ፣ ስትጨርሺ በሳሙና እጠቢው። ሸካራ ፕላስቲክ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም! ሸካራነቱ አንዴ ከተላገ ያ ቦታ ያበራል፣ የሚመልሰው የለም።

ግትር ያለ ነጠብጣብ ከቀረ፣ ፒፒ መሆኑን በዓይንሽ ካረጋገጥሽ ብቻ፣ ጨርቅ ጫፍ ላይ ቲነር ነካ አድርገሽ አንዴ ጠረግ፣ ወዲያው በሳሙና ውሃ ማጠብ ነው። እሱም ካልሆነ ክፍሉ ተፈትቶ በፕራይመርና በማያበራ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ይህንን ደግሞ ያበላሸው ጋራዥ በራሱ ወጪ ሊሠራልሽ ይገባል። መሸፈን የቀቢው ሥራ ነው። ጠርዙ ላይ ጋዜጣ ለጥፎ መርጨት ሽፋን አይባልም፤ መኪናው ሙሉ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ስፖኪዮውም ቢፈታ ይመረጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ እርጥብ ጥቁር ፕላስቲክ ነጩን ነጠብጣብ ይደብቃል። ጨረስኩ ብለሽ እቃሽን ከመሰብሰብሽ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ከጎን በኩል እዪው።