ማታ ማታ የሚያብደው ሞኒተር

አንዲት ነርስ የጻፈችልኝ ባጭሩ ይኸው ነው። የምትሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ያለው ሞኒተር አንዳንዴ፣ በተለይ ማታ፣ የልብ ምቱን ከ80 አንስቶ 170፣ 190 ያደርሰውና ይጮኻል። ሮጣ ሄዳ የሕመምተኛውን እጅ ስትይዝ ምቱ ደህና ነው። ትንሽ ቆይቶ ሞኒተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። በዚያ ላይ የኢሲጂ ማሽኑ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ወረቀት ላይ የሚስለው፣ የሚያትመው መስመር ወፍራም ነው፣ "እንደ ብሩሽ" ትላለች። የተጠራው ጠጋኝ "ኔትወርክ ነው፣ ስልክ ከልክሉ" ብሎ ሄደ። ከለከሉ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ አንዱ ባልደረባዋ ሞኒተሩን በፎይል እንጠቅልለው እያለ ነው።

ሲስተር፣ መጀመሪያ ፎይሉን ኩሽና መልሱት። የማሽኑን መተንፈሻ ይደፍናል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ሞገዱን ግን አያቆምም። ሞገዱ በብዛት የሚገባው በሳጥኑ ሳይሆን ከሕመምተኛው ደረት በሚመጣው ሽቦ ነው፣ ሽቦውን ደግሞ መጠቅለል አትችሉም።

ቀጥሎ፣ ያለሽ አንድ ችግር አይመስለኝም፣ ሁለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ "ኔትወርክ" ብሎ የሄደው ሰው ነው ያደናገራችሁ።

ከቀላሉ እንጀምር፣ ከኢሲጂው። የታተመውን ወረቀት አውጪና ቁጠሪ። በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሚሊሜትር፣ አንዱ ትልቅ ሳጥን 0.2 ሰከንድ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚወዛወዝ፣ በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ እኩል እኩል የሆኑ 10 ጥርሶች ካገኘሽ ጥፋተኛው የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው፣ ስልክም ሬዲዮም የለበትም። ለዓይን ከደቀቀብሽ ፍጥነቱን ወደ 50 አድርጊው፣ ያኔ ጥርሶቹ 5 ይሆናሉ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬት ንቀይና በባትሪ ብቻ አንሺ። መስመሩ ከጠራ ነገሩ ከመብራት መስመሩ ወይም ከግራውንዱ ነው። ብዙ ቦታ ሶኬት ከፍቼ ያየሁት ተመሳሳይ ነው፦ ከፊት የግራውንዱ ብረት አለ፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም፣ ለጌጥ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ በቴስተር አስለኩት። የስፒናውን የግራውንድ እግር ቆርጦ "አሁን ይገባል" የሚል ሰው ካጋጠመሽ ግን ካቻቢቴውን ተቀብለሽ አስወጪው። እሱ ነገር ለወረቀት ማማር አይደለም፣ ሕመምተኛው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ነው።

በባትሪም ካልጠራ ኤሌክትሮዱን፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን፣ እዪ። ማሸጊያው ከተከፈተ የሰነበተ፣ ጄሉ የደረቀ ኤሌክትሮድ ያልተፈለገውን ሁሉ ይሰበስባል። ቆዳውን አጽጂ፣ በጎዝ ፈግፈግ አድርጊ፣ ፀጉር ካለ ላጪ። የአልጋው ብረት ላይ የታሰረ ማከፋፈያና የስልክ ቻርጀር ካለም አንሺ። ይኸው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ጥበብ የለም።

አሁን ወደ ሞኒተሩ። ሳታስቢው መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ በር ብለሻል፣ ማታ ብለሻል። ማታ በር ላይ ማን ነው የሚቆመው? ጥበቃው፣ ከነመገናኛ ሬዲዮው።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሞኒተር ስፈታ ስገጥም ከረምኩ። ገመድ ቀየርኩ፣ ቦርድ ቀየርኩ፣ ቀን ላይ ሰላም፣ ማታ ያው። በሦስተኛው ማታ ተስፋ ቆርጬ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ጥበቃው ግድግዳውን ተደግፈው ሬዲዮዋን አፋቸው ላይ አድርገው "አምቡላንስ ገብቷል" ሲሉ ከኋላዬ ጩኸቱን ሰማሁ። ተመለስኩና "ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙት" አልኳቸው። ደገሙት። ሞኒተሩም ደገመው። በመካከላቸው የብሎኬት ግድግዳ ነበር፣ እንዲህ ላለው ሞገድ ግን ብሎኬት ትልቅ እንቅፋት አይደለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የልብ ምልክት ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ ማሽኑ ያችን ትንሽ ነገር ነው የሚያጎላው። የሕመምተኛው ሽቦ ደግሞ አንድ ሜትር አካባቢ ይረዝማል። በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ነው፣ ግማሹ አንድ ሜትር፤ ሽቦሽ ለእሱ በልኩ የተሰፋ አንቴና ነው ማለት ነው። ማጉያው ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ያን ያህል ፈጣን ሞገድ መከተል ስለማይችሉ ግማሹን ቆርጠው ወደ ቀጥታ ቮልቴጅ ይለውጡታል። ሰውየው ቁልፉን ሲጫን ዝላይ፣ ሲለቅ ዝላይ፣ እያወራ ወዲያ ወዲህ ሲል ደግሞ መስመሩ አብሮት ይወዛወዛል። ሞኒተሩ ምን ያውቃል፣ ዝላዩን የልብ ምት ብሎ ይቆጥረዋል። የ50 ኸርዝ ማጣሪያውን፣ የመብራቱን ውዝዋዜ የሚያስወግደውን፣ ብታበሪውም ለውጥ የማታዪው ለዚህ ነው። ነገሩ ለማጉያው ከደረሰ በኋላ የልብ ምልክት መስሏል።

አረጋግጪ እንጂ በኔ ቃል አትሂጂ። ግን ሕመምተኛ ላይ አይሞከርም፣ ይህን አደራ። ሞኒተሩን ወደማንም አልጋ ሳይሆን ሲሙሌተር፣ ማለትም የልብ ምልክት አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ካላችሁ እሱ ላይ፣ ከሌለ ፈቃደኛ የሆነ ጤነኛ ባልደረባ ላይ አድርጉት፣ አጠገቡ ቬንቲሌተር (የሚያስተነፍስ ማሽን) ወይም መድኃኒት የሚሰጥ ፓምፕ የተያያዘ ሰውም አይኑር። ጥበቃው ከ10 ሜትር ይጀምር፣ እየቀረበ በየሜትሩ ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ይጫን። መስመሩ የዘለለበት ቦታ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፊ። የዚያን ርቀት እጥፍ የሬዲዮ ክልክል ቦታ አድርጊው። ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ጣጣውን ይጨርሳል፣ ዋጋውም የአንድ ጥቅል ፕላስተር ነው።

በቁጥር ማየት ከፈለግሽ የሞኒተሩን መመሪያ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ግለጪ፣ ማንም የማያነባቸውን። በድሮው ደንብ የተሠሩት ላይ የርቀት ሠንጠረዥ አለ። ሕይወት ደጋፊ ላልሆነና በሜትር 3 ቮልት በሚደርስ የሬዲዮ ሞገድ ለተፈተነ ማሽን ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሬዲዮውን ዋት ስኩዌር ሩት ትወስጂና ከ80 እስከ 800 ሜጋኸርዝ ከሆነ በ1.2፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በ2.3 ታባዢዋለሽ፣ ውጤቱ በሜትር ነው። የ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ 2.7 ሜትር ይሰጥሻል። በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት የሚያወጣ የ2ጂ ስልክ ደግሞ 3.3 ሜትር። አዲሶቹ፣ በፈረንጆቹ 2014 በወጣው የአይኢሲ 60601-1-2 ደንብ (ዓለም አቀፍ የሕክምና መሣሪያ ደንብ) የተፈተኑት፣ ቅርብ ያለ ሬዲዮና ስልክን የሚመስል ጠንካራ ፈተና ስላለባቸው መመሪያቸው ብዙውን ጊዜ 30 ሴንቲሜትር ይላል። የትኛው እንዳለሽ ሳታውቂ 30 ሴንቲሜትሩን እንዳትይዢ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ብቻ ነው የሚሠሩት። ክዳኑ ሲዘጋ ሁለት ቪቴ ጠጋኙ ኪስ ውስጥ ከቀሩ፣ በክዳኑ ጠርዝ ያለው የብረት ማሸጊያ ከተላጠ፣ የሕመምተኛው ገመድ ተበጥሶ ውስጡ ያለው የብረት መረብ ሳይያያዝ በፕላስተር ከተጠቀለለ፣ መከላከያው አለ የሚባለው በስም ብቻ ነው። እኔ ከሌላ ሰው የተረከብኩትን ማሽን መጀመሪያ ቪቴውን እቆጥራለሁ። ገመድ ከሆነ የተበላሸው፣ ለሞዴሉ የተሠራውን ግዙ፣ ርካሹ ውስጡ መረቡ ራሱ የለውም።

ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ የምታዪውን ጥቁር ጉብታ፣ ፌራይት የሚባለውን፣ ስለማድረግ ይጠይቁኛል። በመብራት ገመድ ላይ፣ ማሽኑ ጥግ፣ ገመዱን ሁለት ዙር አሳልፈሽ ብትገጥሚው ሊረዳ ይችላል። በሕመምተኛው ሽቦ ላይ ግን የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ ሳያውቅ ምንም አትጨምሩ።

ስልክስ? ንጹሕ ነው አላልኩም። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ያለ ስልክ ጣቢያውን ለማግኘት በሙሉ ጉልበቱ ይጮኻል፣ ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ክፍል ውስጥ ያለው ስልክ ውጭ ካለው ይብሳል። ግን "ስልክ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጥፎ የተከበረበት ክፍል እስካሁን አላየሁም። ሰው የሚያከብረውን ደንብ አውጡ፦ ስልክ ማሽን ላይ አይቀመጥም፣ ፓምፕ አጠገብ አይወራም። ፓምፕ ያልኩት፣ ሞኒተር ሲያብድ ይጮኻል፣ ፓምፕ ሲያብድ ግን የሚዛባው ለሕመምተኛው የሚሄደው መድኃኒት ስለሆነ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ተሽከርካሪ ወንበሮች አጠገባቸው ሬዲዮ ሲከፈት ራሳቸው ተነስተው ይሄዱ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገብቶበት አምራቾቹ ማስጠንቀቂያ እንዲያደርጉ ያዘዘው በ1994 ነው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። "ሬዲዮው ነው" ብላችሁ ከለመዳችሁ አንድ ማታ እውነተኛው 190 ይመጣና ማንም አይነሳም። ስለዚህ ድምፁን አታጥፉት። ሁልጊዜ መጀመሪያ እጅ ያዢ፣ ከዚያ ሞኒተሩን ስደቢ። ለአንድ ሳምንት የጮኸበትን ሰዓት ጻፊ፣ ጥበቃውም ያወራበትን ይጻፍ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። ሰዓቱ ካልገጠመ ወይም ሬዲዮው ርቆም ካልቆመ የሞኒተሩን ጀርባ ስቲከርና የሬዲዮውን ፎቶ ላኪልኝ፣ ያኔ ሌላ ሌባ እንፈልጋለን።