ኩሽኔታው ተቀይሮ ድምፁ ለምን ተመለሰ?

ከሻሸመኔ አንድ አንባቢ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል። «በፈረንጅ 1994 የተሠራች የናፍጣ ሂሉክስ አለችኝ። 60 ስታልፍ ከኋላ በግራ በኩል ታጓራለች። ሜካኒክ ኩሽኔታውን ቀይሮልኝ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ጎማው ከውስጥ በኩል ዘይት ይዟል። ኩሽኔታው ፎርጅድ ይሆን?»

ሊሆን ይችላል፤ ገበያው ሞልቶታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ዘይቱን ነው።

የመኪናዎ የኋላ ኩሽኔታ፣ ማለትም በሁለት የብረት ቀለበቶች መሃል ኳሶች ይዞ ዘንጉን የሚያዞረው ዕቃ፣ የሚሠራው በግሪስ ነው። የዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው የጥርስ ቤት) ዘይት እንዳይደርስበት፣ አክስሉ (ከዚያ እስከ ጎማው የሚደርሰው ቱቦ) ጫፍ ላይ ያለው «ሲል» የሚባል ዘይት ማገጃ ቀለበት ይከለክለዋል። ሲሉ ሲደክም ዘይቱ ሾልኮ ግሪሱን ያጥበዋል፣ አልፎም የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። አሮጌው ሲል እዚያው ከቀረ አዲሱም ኩሽኔታ አይበረክትም።

ሲሉን ማን አደከመው? አክስሉ አናት ላይ ትንሽ የብረት ቆብ ያላት መተንፈሻ አለች። ብዙ ሰው አያያትም። ዲፈረንሻሉ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በእሷ ይወጣል። ጭቃ ከደፈናት ግን አየሩ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ቆቧን በጣት ያዙሯት። እምቢ ካለች ፈትተው በናፍጣ ይጠቧት። ሳንቲም አያስወጣም።

ድምፁ የኩሽኔታ መሆኑንም ያረጋግጡ። የመንገዱ ዓይነት ሲቀየር ድምፁ ከተቀየረ ጎማው ነው። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ከተለዋወጠ ዲፈረንሻሉን ይጠርጥሩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ይያዙ፣ ኋላውን በክሪክ አንስተው ድጋፍ ያስገቡ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀው ጎማውን በአንድ እጅ እያዞሩ ሌላውን ባሌስትራው ላይ ያሳርፉ። ኩሽኔታው ከተበላ አሸዋ የሚፈጭ ያህል ይሰማዎታል።

በአክስሉ ውስጥ ሆኖ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሰሚያስ የምንለውን፣ ማውጣት ቀላል ነው። የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬን ገመዱ ይለቀቃሉ፣ 4 ዳዶ ይፈታል፣ ይሳባል። ፈተናው ኩሽኔታውና አጠገቡ ያለው ወፍራም የብረት ቀለበት ዘንጉ ላይ በኃይል የገቡ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ቀጭኗ መቆለፊያ ቀለበት ትወጣለች፤ የቀረው የፕሬስ፣ በኃይል የሚጫነው ማሽን፣ ሥራ ነው። በመዶሻ ሊያወጣ የሚነሳ ካጋጠመዎት ዘንግዎን ተሸክመው ወደ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ፕሬሱ ሲጫን ሲጫን ቆይቶ በድንገት «ጧ!» ብሎ ይለቃል። ጀማሪ ሳለሁ በዚያ ድምፅ ፒንሳዬን ጥዬ ሮጫለሁ። ፊትዎን አያስጠጉ። ቀለበቱን በፍሌክሲብል፣ ብረት በሚቆርጠው ባለ ዲስክ ማሽን፣ የሚቆርጡም አሉ። ዲስኩ ዘንጉን ከጫረው ግን አንድ ቀን ጭነት ላይ እዚያው ጋ ሊሰበር ይችላል።

አዲሱ ኩሽኔታ ሲገባ መጫን ያለበት በውስጠኛው ቀለበቱ ነው። በውጨኛው ከተገፋ ኃይሉ ሁሉ በኳሶቹ ላይ ያልፋል፤ መሄጃቸው ላይ ጠባሳ ይተዋሉ። መኪናዋ ያኔውኑ አትጮህም፤ ቆይታ ትጀምራለች። የእርስዎም ሦስት ወር በዚህ ቢሆን አይገርመኝም። ወፍራሙም ቀለበት አዲስ ይሁን፤ አንዴ የወጣ እንደ ድሮው አጥብቆ አይዝም። የፍሬን ሳህኑ (የፍሬን ሸራዎቹ የሚታሰሩበት ብረት) ከኩሽኔታው ቀድሞ ዘንጉ ላይ መግባቱንም ቆመው ይዩ። ተረስቶ ሁሉም ነገር እንደገና ሲፈታ አይቻለሁ።

ዘይት የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥበው አይመልሱት። በግራም በቀኝም ይቀይሩ፣ አለዚያ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ቱቦው ስለተፈታ ፍሬኑ አየሩ ይውጣለት። የዲፈረንሻሉ ዘይት ሜዳ ላይ ቆማ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ይድረስ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ሁለቱም ቸርኬዎች ቀስ ብለው ያስጠጉ። ግራው ከቀኙ በጣም ከጋለ ሳይነዱ መልሰው ያስፈትሹት።