ያገለገለ ስዊች «አስር ጊጋ ነው» ሲባል በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ ማተሚያ ቤት አለን። ሁለቱ ሕንፃዎቻችን 120 ሜትር ይራራቃሉ፤ የሚያገናኛቸው ከዓመታት በፊት የተቀበረ ፋይበር ነው። ዲዛይነሮቹ ከባድ ፋይል ከአንድ ሰርቨር ስለሚከፍቱ መስመሩ ይጨናነቃል። መርካቶ ያገለገሉ የሲስኮ 2960 ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) አየን፤ ሻጩ «የፋይበር ፖርቱ አስር ጊጋ ነው» (በሰከንድ 10 ጊጋቢት ያስተላልፋል) ይላል። ከመክፈላችን በፊት እንዴት እናረጋግጥ?

መልስ፦ በቀዳዳው አይፍረዱ። የፋይበር ሞጁል (ፋይበሩን ከስዊቹ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ተሰኪ) የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ የ1 ጊጋው ኤስኤፍፒ እና የ10 ጊጋው ኤስኤፍፒ ፕላስ፣ በመጠን አንድ ናቸው። የ10 ጊጋ ሞጁል 1 ጊጋ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ግን አይሠራም። ሻጩም የግድ አታላይ አይደለም፤ ሞጁሉ ላይ የተጻፈውን አይቶ ይሆናል።

«2960» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም። ተራው 2960 እና 2960-ጂ ጭራሽ 10 ጊጋ የላቸውም። 2960-ኤስ ወይም 2960-ኤክስ ከሆነ ከሞዴሉ ስም የመጨረሻ ሰረዝ በፊት ያለችውን ፊደል ያንብቡ። «48ቲዲ-ኤል» ላይ እንዳለችው ዲ ከሆነች ሁለት የ10 ጊጋ ፖርቶች አሉት፤ «48ቲኤስ-ኤል» ላይ እንዳለችው ኤስ ከሆነች የፋይበር ፖርቶቹ 1 ጊጋ ናቸው። ቀዳዳ ቆጥሮ «አራት ከሆነ 1 ጊጋ፣ ሁለት ከሆነ 10» ማለት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሁለት የ1 ጊጋ ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ርካሽ ሞዴሎች ስላሉ ይሸውዳል። ከኋላ ያለው የፍሌክስስታክ መሰኪያም ስዊችን ከስዊች ማያያዣ እንጂ ሰርቨር የሚሰካበት አይደለም።

ስቲከር ሊቀየር ስለሚችል ላፕቶፕ፣ ኮንሶል ኬብልና ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ይዘው ይሂዱ። ለስዊቹ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም በ9600 ፍጥነት፣ በ8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ስቶፕ ቢት ይክፈቱ። «ሾው ቨርዥን» የሚለው ትእዛዝ የሚያወጣው ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ከስቲከሩ ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ» ይጻፉ፤ የ10 ጊጋ ፖርት ካለው «ቲኢ1/0/1» እና «ቲኢ1/0/2» ይወጣሉ። «ጂአይ» (የ1 ጊጋ ፖርት) ብቻ ካዩ ሻጩን አመስግነው ይውጡ። የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ካልተነሳለት ደግሞ «አስነስተው ይጥሩኝ» ይበሉ።

ስሙ መውጣቱ ፖርቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በ1 ሜትር የ10 ጊጋ ዲኤሲ ኬብል (ሁለት ጫፉ ላይ ተሰኪ ያለው የመዳብ ኬብል) ሁለቱን ፖርቶች እርስ በርስ ያገናኙና ፍጥነቱ «10ጂ» መሆኑን ይዩ። የአንዱ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ቢቀር አይደንግጡ፤ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው የስዊቹ መከላከያ ሉፑን (ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለሰውን መስመር) ዘግቶት ነው። አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ ሊንኩ እየወደቀ የሚነሳ ከሆነ አይግዙት።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የተቀበረው ፋይበር ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 62.5/125 ኦኤም1 (ኦኤም የመልቲሞድ ፋይበር ደረጃ ነው) ከሆነ ዛሬ በ1 ጊጋ ያለችግር ቢሠራም፣ የ10 ጊጋ ኤስአር (የአጭር ርቀት) ሞጁል በእሱ ላይ የሚደርሰው 33 ሜትር ብቻ ነው። ኦኤም2 82 ሜትር ነው፤ ለእናንተ አይበቃም። ኦኤም3 300 ሜትር ይሄዳል። 9/125 ሲንግል ሞድ ከሆነ ተገላገሉ፤ በኤልአር (የረጅም ርቀት) ሞጁል እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የሰርቨሩንም ካርድ ይዩ። ካርዱ 1 ጊጋ ከሆነ በሕንፃዎቹ መካከል 10 ጊጋ ቢዘረጋም ፋይሉ በዚያው ፍጥነት ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ (ከሰበታ) የሲስኮ ስዊቻችን ላይ የሌላ ፋብሪካ የ10 ጊጋ ሞጁል ስንሰካ ፖርቱ ወዲያው «ኤረር-ዲሴብልድ» (በስህተት ምክንያት የተዘጋ) ይሆናል። ፖርቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሎጉ (የስዊቹ የመልእክት መዝገብ) «ጂቢክ-ኢንቫሊድ» ካለ ስዊቹ ሞጁሉን አላውቀውም ማለቱ ነው። ኮንፊግ ሞድ (የስዊቹ ቅንብር የሚቀየርበት ክፍል) ውስጥ «ሰርቪስ አንሰፖርትድ-ትራንሲቨር»፣ ቀጥሎ «ኖ ኤረርዲሴብል ዲቴክት ኮዝ ጂቢክ-ኢንቫሊድ» ይጻፉ፤ ፖርቱን በ«ሻትዳውን» ዘግተው በ«ኖ ሻትዳውን» ይክፈቱ። ሁሉም ሞጁል እሺ አይልም፤ እምቢ ካለ ለሲስኮ ተብሎ ኮድ በተደረገ ሞጁል ይቀይሩት።