ዲፖዚት (ቤት ስንከራይ የምናስይዘው ገንዘብ) ስለማስመለስ፦ ለሜሪላንድ ተከራዮች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤት ለሚለቁ ወገኖች ደብዳቤ ስጽፍ፣ ፍርድ ቤትም አብሬ ስሄድ ዓመታት ሆኖኛል። ጠበቃ አይደለሁም። በደንብ የማውቀው የሜሪላንድን ሕግ ነው። ስትጠይቁ የት እንደምትኖሩ፣ መቼ እንደገባችሁና መቼ እንደለቀቃችሁ ጻፉ።

ጥያቄ (ከዊተን)፦ ከለቀቅሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ዲፖዚቴ 1,600 ዶላር ነበር፤ 900 በቼክ ላከልኝ። 700ውን ለምን እንዳስቀረ አንድ መስመር አልጻፈም።

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አከራዩ ዲፖዚቱን ለመመለስ ከለቀቅህ በኋላ ያለው ጊዜ 45 ቀን ነው። ለጉዳት የሚቆርጥ ከሆነ በዚያው ጊዜ ውስጥ ምን እንደተበላሸና ምን እንዳወጣበት ዘርዝሮ በፖስታ መላክ አለበት። ካልላከ ለጉዳት ብሎ የማስቀረት መብቱን ያጣል። በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከያዘብህ ዳኛው ያስቀረውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈርድልህ ይችላል፤ ባንተ ጉዳይ እስከ 2,100 ዶላር ማለት ነው። መጀመሪያ ይህንኑ ጽፈህ በደብዳቤ ጠይቀው። እስከ 5,000 ዶላር ያለው ክስ በዲስትሪክት ኮርት ስሞል ክሌም (የአነስተኛ ገንዘብ ክስ ችሎት) ያለ ጠበቃ ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲፖዚቴን ከለከሉኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ የት? መቼ? ስንት? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ቤዝመንት ነው የተከራየሁት። አከራይዋ የአገሬ ልጅ ናት፤ ውል የለንም፣ ዲፖዚቱንም በካሽ ነው የሰጠኋት።

መላሽ፦ የቃል ውልም ውል ነው፤ ሕጉ ቤዝመንት ብሎ አይለይም። ችግሩ ማስረጃው ነው። ገንዘቡን ያወጣሽበትን የባንክ ወረቀትና የተጻጻፋችሁትን ቴክስት ሁሉ አስቀምጪ። ዛሬውኑ «የሰጠሁሽ ዲፖዚት ይህን ያህል ነው አይደል?» ብለሽ ላኪላት። «አዎ» ካለችሽ እሱ ደረሰኝሽ ነው።

አባል 1፦ ለዚች ብላ የአገሯን ልጅ ፍርድ ቤት ልታቆም ነው? በሽማግሌ አይሻልም?

አባል 2፦ እኔ በሽማግሌ ስመላለስ ዓመት ሞላኝ። ሽማግሌዎቹም «ተዪው፣ ይቅር በዪው» አሉኝ። የይቅርታው ዋጋ 1,200 ዶላር ነው።

አባል 1፦ ሁሉም አከራይ እንደዚያ አይደለም። ሞርጌጅ ከፋይ ነን፣ ግድግዳ ቀዳድደው የሚሄዱ አሉ።

መላሽ፦ ሽምግልናን አልቃወምም፤ 45 ቀኑን ግን እየቆጠራችሁ ተሸማገሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲም የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ቢሮ አለው፤ በነጻ ያስማማል። 311 ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያስ?

መላሽ፦ እዚያም 45 ቀን ነው። ከዚያ በላይ የቨርጂኒያ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ባልከፍል፣ በዲፖዚቱ ቢያቻችለውስ?

መላሽ፦ አታድርገው። ዲፖዚት ኪራይ አይደለም፤ ኪራይ አልከፈለም ብሎ ይከስሃል፣ ስምህም ለሚቀጥለው ቤት ይበላሻል።

ጥያቄ (ከታኮማ ፓርክ)፦ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እለቃለሁ። አራት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ካርፔቱ አርጅቷል። ከአሁኑ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ሁሉም ሰው እንዳንቺ ቀድሞ ቢጠይቅ ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ። በእግር ብዛት የሳሳ ካርፔትና ፀሐይ የመታው ቀለም የኑሮ እርጅና ነው፤ አያስቆርጥም። የካውያ ቃጠሎ ግን ጉዳት ነው። ከመልቀቅሽ ቢያንስ 15 ቀን በፊት በሰርቲፋይድ ሜይል፣ አገር ቤት በአደራ እንደምንለው፣ ደብዳቤ ላኪ። የምትለቂበት ቀን፣ አዲሱ አድራሻሽና ቤቱ ሲታይ መገኘት እንደምትፈልጊ ይኑርበት። ያኔ አብረሽ የማየት መብት አለሽ፤ ፍተሻውም ከምትለቂበት ቀን በፊት ወይም በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ይሆናል። አከራዩ ደብዳቤውን ሲቀበል ፈርሞባት የምትመለስልሽን አረንጓዴ ካርድ አትጣያት። አንዴ አብሬያት ፍርድ ቤት የሄድኩ እህት አከራይዋ «አድራሻዋን አላውቅም፣ ወዴት ልላክ?» ሲል ያቺን ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየች፤ የራሱ ፊርማ አለባት። ከዚያ በኋላ የሚለው አልነበረውም።

ቤቱን ባዶውን በቪዲዮ አንሺው። የኦቨኑን ውስጥ፣ የፍሪጁን መሳቢያ፣ ከሲንኩ ሥር፣ የመስኮቱን መጋረጃ። ቁልፉን ስታስረክቢም ቪዲዮ ይኑርሽ።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ዲፖዚት አስከፈሉኝ፣ ልክ ነው?

መላሽ፦ ውልህ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ከሆነ በመሠረቱ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ይፈቀድ ነበር።

ጥያቄ፦ በስንት ቀን ነው የሚመልሱት?

መላሽ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ 45። እባካችሁ ከላይ አንብቡ።

ጥያቄ (ከታኮማ ፓርክ)፦ አዲሱ ቤት ገና አልተገኘም። አድራሻ ምን ልበል?

መላሽ፦ የእህትሽን ወይም የምታምኚውን ሰው አድራሻ ጻፊ። ባዶ ብቻ አትተዪው።

ጥያቄ (ከታኮማ ፓርክ)፦ እሺ ጋሼ፣ ሰኞ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።

መላሽ፦ ኮፒውን አስቀሪ።