የሲያትል የድሮው ጋዝ ፋብሪካ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሲያትል፣ ሌክ ዩኒየን ሐይቅ ዳር፣ ጋዝ ወርክስ ፓርክ ውስጥ ስለቆሙት የዛጉ ማማዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በየተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋዝ ከመሬት የሚወጣ አይደለም እንዴ? ፋብሪካ ምን ያደርግለታል?

ያኔ የተፈጥሮ ጋዝ ሲያትል አይደርስም ነበር። ስለዚህ ጋዙን እዚያው ይሠሩት ነበር። ፋብሪካው በ1906 ሥራ ሲጀምር ጥሬ ዕቃው የድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉ አየር በሌለበት እንዲግል ይደረጋል። አይነድም፤ ጋዙን ይለቃል። ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ሬንጁ ይለያል፣ ከዚያ በቧንቧ ወደየቤቱ ይሄዳል። ለመብራት፣ ኋላም ለምድጃና ለቤት ማሞቂያ። በ1937 ከሰሉ ቀርቶ በነዳጅ ዘይት ተተካ። ዛሬ የምታዩዋቸው ትልልቅ ማማዎች ዘይቱ የጋለ ጡብ ላይ እየተረጨ ወደ ጋዝ የሚለወጥባቸው ነበሩ።

ጥያቄ፦ ለምን ተዘጋ?

በ1956 የተፈጥሮ ጋዝ በቱቦ መጣ። በቃ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አላፈረሱትም?

ብዙ ሰው እንዲፈርስ ነበር የፈለገው። ከተማው ቦታውን ለፓርክ ሲገዛ ያሰበው ሣርና ዛፍ ነው። ያዳነው ሪቻርድ ሃግ የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ነው። ቢሮውን እዚያው ግቢ፣ በድሮው ብረት ቀጥቃጭ ቤት ከፈተ። ሰዎችን እየጠራ አስጎበኘ፣ ተከራከረ፣ አሳመነ። ፓርኩ በ1975 ሲከፈት ቦይለር ቤቱ (ውኃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት) የሽርሽር መጠለያ፣ የጋዝ መግፊያ ማሽኖቹ ቤት ደግሞ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ነበር። ማሽኖቹ አልተነሱም፤ ደማቅ ቀለም ተቀብተው እዚያው ቀሩ። ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል፦ ማሽን ከቦታው ሲነሳ ግማሹ ታሪኩ አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጉብታው ላይ ይንከባለላሉ። አፈሩ መርዝ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሃምሳ ዓመት ጋዝ የተሠራበት መሬት ሬንጅና ካንሰር አምጪ ኬሚካል ጠጥቷል። ሃግ አፈሩን በሙሉ አላስወጣም። የፍሳሽ ዝቃጭና ሰጋቱራ ቀላቀለበት፤ ባክቴሪያዎቹ ዘይቱን እንዲበሉት። ለዚያ ዘመን ደፋር ሐሳብ ነበር። ካይቶች የሚበሩበት ጉብታም የፋብሪካው ፍርስራሽ ተከምሮ አፈር የለበሰ ነው። ግን ሥራው በዚያ አላለቀም። በ1984 ፓርኩ ለምርመራ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር፤ ጽዳቱም ቀጥሏል። ላዩን ንጹሕ አፈር ሸፍኖታል፣ ሣሩ ላይ ይጫወቱ። ሐይቁ ውስጥ ግን እንዳይገቡ፤ ከሥሩ ያለው ደለል የተበከለ ነው። ከመብላታቸው በፊትም እጃቸውን አስታጥቢያቸው።

ጥያቄ፦ ማማዎቹን ለምን አጠሯቸው? ወጥተን ፎቶ ብንነሳ ምን አለበት?

አደራ፣ እንዳትሞክሩት! ከዚያ ላይ ወድቀው የሞቱ ወጣቶች አሉ። በእኔ በኩል ለመውጣት የሚያመቹት መሰላሎችና መተላለፊያዎች ቢነሱ አልቃወምም። ማማዎቹ ግን ይቁሙ። ፓርኩ በ2013 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ የገባው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ መብራት ኃይል ማመንጫስ ከተማው ውስጥ አለ?

ሁለት አሉ። አንዱ እዚያው ሐይቁ ዳር ያለው የእንፋሎት ማመንጫ ነው። በ1990ዎቹ ላቦራቶሪ ሆነ። ከውጭ ያምራል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። እኔ የምመክራችሁ ጆርጅታውን በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለውን ነው። እሱም እንደ ጋዝ ፋብሪካው የ1906 ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱ ከርቲስ የሚባሉ የድሮ ተርባይኖቹ (በእንፋሎት የሚሽከረከሩት ማሽኖች) እስካሁን በቦታቸው አሉ። እንደ ዛሬዎቹ የተጋደሙ አይደሉም፤ ዘንጋቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሲሠሩ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ከሥር በከፍተኛ ግፊት በሚገባ ስስ የፈሳሽ ሽፋን ላይ ነበር። አጠገባቸው ቁሙና ወደ ላይ አንጋጡ። ሕንፃው ለሕዝብ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።