አርባ ምንጭ ሆኜ ፒያሳ ናፈቀኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው፣ ባለቤቴ ስራ ቀይሮ አርባ ምንጭ ከገባን አመት ሊሞላን ምንም አልቀረውም። እውነት ለመናገር ከተማው አይከፋም፣ ሰዉም ጥሩ ነው፣ ቤት ኪራዩም ከአዲስ አበባ ጋር አይገናኝም፣ እኔም ስራ አግኝቻለሁ፣ ግን በቃ ልቤ አልገባም። ከስራ ስወጣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ ሱቅ እያየሁ በእግሬ መሄዱ፣ ቆሜ የምጠጣት ማኪያቶ፣ መንገድ ላይ የምንበላው እርጥብ፣ የወያላው ጩኸት ሳይቀር ይናፍቀኛል። እናቴ ስትደውል ከጀርባዋ የታክሲ ጥሩምባ ከሰማሁ እንባዬ ይመጣል። እዚህ ከመሸ የት ይኬዳል? ብወጣም ገና አስፋልቱን ሳልሻገር "የእገሌ ባለቤት፣ እንዴት ነሽ፣ የት እየሄድሽ ነው" ነው። ባለቤቴ ደግሞ "ለማኪያቶ ነው እንዴ የምታለቅሺው?" ይለኛል። ተመልሼ እናቴ ቤት ልግባ ወይስ ያልፋል?
የአራት ኪሎ ልጅ፣ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ክፉ አስቦ ባይሆንም ነገሩን አቅልሎታል። ሰው ከተማ ሲናፍቀው በትልልቁ ነገር አይደለም የሚናፍቀው፣ በየቀኑ ሳያስበው ያደርገው የነበረው ነገር ነው የሚጎድልበት፣ እና ያንን ለሌላ ሰው ለማስረዳት ስትሞክሪ "ማኪያቶ" ብቻ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ማልቀስሽ አያሳፍርም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ግን በጣም የያዘኝ እርጥቡም ማኪያቶውም አይደለም፣ "አስፋልቱን ሳልሻገር" ያልሽው ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስትሄጂ ማንም ስምሽን አይጠራም፣ ማንም የት ነሽ አይልሽም፣ ግን ዙሪያሽን ሰው አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስራ ላይ የዋለ ጭንቅላት እዛ መሃል ነው የሚያርፈው። ለእኔ ትልቅ ከተማ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ውዱ ይሄ ነው። ትንሽ ከተማ ደግሞ ይሄንን ብቻ ሊሰጥሽ አይችልም፣ ሰዉ ደግ ስለሆነ ነው የማይችለው፣ አይቶሽ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ይሄን እየፈለግሽ አትድከሚ። ለባለቤትሽም "ማኪያቶ ናፈቀኝ" አትበይው፣ "ማንም ሳያናግረኝ ብቻዬን የምሄድበት አንድ ሰአት ናፈቀኝ" በይው፣ ያኔ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከስራ በኋላ ያለውን ሰአት ላንቺ ብቻ ይተውልሽ።

ሌላው የሙቀቱ ነገር ነው፣ አንቺ አላነሳሽውም ግን ከደጋ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፣ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ፣ ሰውነትሽ ደግሞ በብርድ ያደገ ነው። "ልቤ አልገባም" ካልሽው ውስጥ ቀላል ያልሆነው ሙቀቱ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባን ሰአት ይዘሽ በጠራራ ፀሀይ ልዙር ካልሽ ትሰለቺያለሽ፣ እዚህ ሀገር የሚወጣው በጠዋት ነው። ፀሀይ ሳትበረታ ከከተማው ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ወጥተሽ ሀይቆቹን ቁልቁል እዪ፣ ደፍረስ ቀላ ያለው አባያ ነው፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሃላቸው ያለው መሬት የእግዜር ድልድይ። ማታ ደግሞ አሳ ለብለብ ብሉ፣ ሁለታችሁም ሆናችሁ። ብርዱና ጭጋጉ ራሱ ከናፈቀሽ ጨንቻ ውጪ፣ 40 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ አለ፣ ክረምት ላይ አራት ኪሎ ያለሽ ነው የሚመስልሽ። መንገድሽ ላይ ዶርዜ አለልሽ፣ ቆጮውን በማርና በዳጣ ሳትቀምሺ እንዳታልፊ።

ዶርዜን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበልሽ። ሽሮ ሜዳ የምታውቂያቸው ሸማኔዎች ብዙዎቹ እነሱ ወይ አባቶቻቸው የተነሱት ከዚሁ ከጋሞ ደጋ ነው። አመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ሲሸምኑ ይከርሙና መስቀል ሲደርስ ለቤተሰቡ የሚሆን ነገር ሸክፈው ወደ ሀገራቸው ይገባሉ። የጋሞ ሰው መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር አንቺም ታዪዋለሽ፣ ዮ ማስቃላ ሲባል አካባቢው ሁሉ ነው የሚለወጠው። አሁን ተራራው ላይ ወጥተሽ ሽሮ ሜዳ የኖረ አዛውንት ብታገኚ ያንቺን ናፍቆት በተቃራኒው አቅጣጫ የኖረ ሰው ነው፣ ቁጭ ብለሽ አውሪው። እነሱ ናፍቆቱን የቻሉት የሚመለሱበትን ቀን ስለሚያውቁት ይመስለኛል፣ መስቀል መምጣቱ አይቀርማ።

አንቺም ቀን ቁረጪ። ሆድ ሲብስሽ ድንገት አውቶቡስ ውስጥ መግባት ሳይሆን ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግራችሁ በአመት ውስጥ አዲስ አበባ የምትሄጂባቸውን ጊዜያት ካሁኑ ያዢ፣ ገንዘቡንም ለብቻ አስቀምጪ። ስትሄጂ ደግሞ ቀኑን ሁሉ ለዘመድ ጥየቃ እንዳትጨርሺው፣ ብዙ ሰው እንደዛ አድርጎ ነው ከተማዋን ሳያያት ደክሞት የሚመለሰው። አንድ ከሰአት ለማንም ሳትነግሪ ውጪና በእግርሽ ሂጂ፣ ማኪያቶሽን ቆመሽ ጠጪ።

እናቴ ቤት ልግባ ላልሽው፣ አሁን አትግቢ ነው የምልሽ። አንደኛ ትዳርሽን ለሁለት ከተማ መክፈል የሚያመጣው ናፍቆት ከዚህኛው ይብሳል። ሁለተኛ ደግሞ የምትመለሺባት ፒያሳ የምታስቢያት ላትሆን ትችላለች። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲገባ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ቤትና ትንንሽ ሱቅ ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ እግረኛ መንገዱ አምሯል፣ ግን እዛው አዲስ አበባ ተቀምጠው ያቺ የድሮዋ ፒያሳ ናፈቀችን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ከናፍቆትሽ ውስጥ የቱ በአውቶቡስ የሚደረስበት፣ የቱ ደግሞ የማይደረስበት እንደሆነ ሄደሽ አይተሽ ለዪው።

መስቀልን እዛው አክብሪና ከዛ በኋላ ጻፊልን። ያኔም ልመለስ የምትዪ ከሆነ አንቺ ብቻሽን ሳይሆን ሁለታችሁም አዲስ አበባ ስራ ስለምታገኙበት መንገድ እናወራለን፣ ለባለቤትሽም ይሄን መልስ አስነብቢው።